ሸረሪት አልሸናችባችሁም

ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዝናቡ ጠንከር ባለ ሰሞን ከሐይቁ ዳር ሰፈሮች የሚመጡ ተማሪዎች አንገታቸው ወይም ጉንጫቸው ላይ የተለበለበ የሚመስል ቀይ መስመር ይዘው ክፍል ይገባሉ። ምን ነካህ ስል መልሱ ያው ነው፦ «ቲቸር፣ ሸረሪት ሸንታብኝ ነው»። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። ከልጆች ብቻ ብሰማው አስተምሬ አልፋለሁ። ግን ከወላጅም፣ ከመምህራን ክፍልም፣ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባም እሰማዋለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ በዚህ እምነት ምክንያት ሰው ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ መቅረቱ ነው።

ብዙ ጊዜ የምትወነጀለው ግቢ ውስጥ፣ ሣር መሐል፣ ድንጋይ ሥር የምትሮጠው ቡናማዋ ሸረሪት ናት። ተኩላ ሸረሪት ትባላለች። ቤተሰቡ በሳይንስ ሊኮሲዴ ይባላል፤ በ1833 እ.ኤ.አ. የሰየመው ስዊድናዊው ካርል ያኮብ ሱንደቫል ነው። በዓለም ላይ ከ2,400 በላይ ዝርያዎቹ ተመዝግበዋል። ስለነዚህ ሸረሪቶች የሚወራው ስህተት ብዙ ስለሆነ ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበልና ወደ ዋናው እመለሳለሁ።

«ሸረሪት ነፍሳት ናት።» አይደለችም። ስምንት እግር አላት፣ አካሏ ሁለት ክፍል ነው፣ ክንፍም አንቴናም የላትም። ዘመዶቿ ጊንጥና መዥገር ናቸው። ስድስት እግር ያለው ነገር ካያችሁ ሸረሪት አይደለም። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

«ቆዳ ሥር እንቁላል ትጥላለች።» የትኛዋም ሸረሪት ይህን አታደርግም።

«ሸረሪት ሁሉ በድር ነው የምታድነው።» ሸረሪት ሁሉ ክር ታመነጫለች እንጂ ሁሉም ወጥመድ አይዘረጉም። ተኩላ ሸረሪቶች አብዛኞቹ አድፍጠው ወይም ሮጠው ነው የሚይዙት። ለዚህም ዓይናቸው ይረዳቸዋል። ማታ ጥቁር ውሃ ወንዝ ዳር ባትሪ ግንባራችሁ አጠገብ ይዛችሁ ሣሩን ብታበሩበት፣ አረንጓዴ ነገር ብልጭ ብልጭ ሲል ታያላችሁ። ጤዛ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የሸረሪት ዓይን ነው። በዓይኗ ውስጥ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለ። በእርግጥ ከዚሁ ቤተሰብ ድር የሚሠሩም አሉ። አፍሪካና እስያ ውስጥ ያሉት ሂፓሳ የሚባሉት መሬት ላይ ጠፍጣፋ ድር ይዘረጉና ጥግ ላይ ባለው ቱቦ ውስጥ ይጠብቃሉ።

«ከኋላዋ የምትጎትተው ነጭ ኳስ የመርዝ ከረጢት ነው።» ይህኛው ያሳዝነኛል። ኳሱ የእንቁላል ከረጢቷ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን በራሷ ክር ጠቅልላ ከሆዷ ጫፍ ካሉት የክር ማውጫዎች ጋር ታያይዘዋለች። አድናም፣ ሮጣም፣ ጉድጓድ ገብታም አትለቀውም። ብትቀሟት ትፈልገዋለች። ተመራማሪዎች ከረጢቱን ወስደው በምትኩ ትንሽ የቡሽ ኳስ ሲሰጧት እሱኑ አያይዛ ስትሄድ አይተዋል። ልጆቹ ሲደርሱ ከረጢቱን ቀድዳ የምትከፍትላቸው እሷ ናት። ወጥተው ጀርባዋ ላይ ይሰፍራሉ፤ አንዳንዴ ከመቶ ይበልጣሉ። በሆዷ የላይኛው ገጽ ላይ ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ ልዩ ፀጉሮች አሉ፣ ልጆቹ እነሱን ጨብጠው ይቆያሉ። ሳምንት ገደማ እንዲህ ትዞራለች። ልጅን ጀርባ ላይ አዝሎ መዞር የዚህ ቤተሰብ ዋና መለያው ነው።

«ስትመታ ትበዛለች» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው። አንዲት ጎረቤቴ በረንዳ ላይ ያገኘቻትን ሸረሪት በጫማ መታቻት። ወዲያው ጥቃቅን ሸረሪቶች በየአቅጣጫው ፈሰሱ። ጎረቤቴ ቤቱ ጠበል ካልተረጨ አላድርም አለች። የሆነው ይህ ነው፦ እናት ተመታች፣ ጀርባዋ ላይ የነበሩት ልጆች ሸሹ። ሌላ ምንም የለም። በመጥረጊያ ወደ ውጭ ብትገፋት ኖሮ ልጆቿን እንዳዘለች ትሄድ ነበር።

«ከነከሰች ሥጋ ይበሰብሳል።» መርዝ አላት፣ እውነት ነው፤ ከጥቂቶች በስተቀር ሸረሪት ሁሉ መርዝ አላት። ጥያቄው ሰውን ምን ያደርጋል ነው። ብራዚል ውስጥ የተኩላ ሸረሪት ንክሻ ቆዳ ይገድላል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር፤ ማርከሻ ሴረም ሳይቀር ይሰጥ ነበር። ከዚያ በ1990 እ.ኤ.አ. ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የታከሙ 515 የተነከሱ ሰዎች መረጃ ታትሞ ወጣ። ሕመም፣ መቅላት፣ እብጠት ተገኘ። የበሰበሰ ቆዳ ግን አልተገኘም። በ2004 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ሸረሪቷ ተይዛ የተረጋገጡ 45 ንክሻዎች ተጠንተው ውጤቱ ያው ሆነ። ስለዚህ ቁስሉ እየሰፋ፣ እየጠቆረ፣ መግል እየያዘ ከሄደ ሸረሪት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ታከሙ።

አሁን ወደ ሽንቱ።

ሸረሪት ሰው የምታቃጥልበት ሽንት የላትም። የሰው አካል ናይትሮጅንን በዩሪያ መልክ በብዙ ውኃ አሟሙቶ ያስወግዳል። ሸረሪት ግን ውኃ ትቆጥባለች። ቆሻሻዋን በዋናነት ጉዋኒን በሚባል፣ ውኃ ውስጥ በቀላሉ በማይሟሟ ነጭ ነገር ነው የምታስወጣው። ቤታችሁ ጥግ ላይ፣ ከድሩ በታች የምታዩት ነጭ ነጠብጣብ እሱ ነው። በሶፍት ጥረጉት፣ ምንም አያደርጋችሁም። ደግሞስ ሣር መሐል የምትሮጥ ሸረሪት አልጋ ላይ የተኛ ሰው አንገት ላይ በረጅሙ መስመር ሠርታ እንድትሸና ምን ያመጣታል?

ታዲያ ያ ቁስል ምንድን ነው? እኔ እስካየሁት ድረስ በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ከጥንዚዛ የሚመጣ ነው። ፔደረስ የምትባል ቀጭን ጥንዚዛ አለች። ርዝመቷ አንድ ሴንቲሜትር ቢሞላ ነው። ጭንቅላቷ ጥቁር፣ ደረቷ ብርቱካናማ፣ መሐሏ ላይ ያለው አጭር ክንፍ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር ነው። ለችኩል ዓይን ጉንዳን ትመስላለች። እግሯን ቁጠሩ፣ ስድስት ነው። እርጥብ አፈር፣ ሐይቅ ዳር፣ የበሰበሰ ቅጠል ያለበት ማሳ ትወዳለች፤ ማታ ወደ መብራት ትመጣለች። ሐይቅ፣ ረግረግና መብራት ተጎራብተው ያሉበት ከተማ ለሷ ምቹ ነው። አትናከስም፣ አትነድፍም። ፈሳሿ ውስጥ ግን ፔደሪን የሚባል መርዝ አለ፤ ይህን የሚሠሩት ሰውነቷ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንገታችሁ ላይ ስታርፍ በእጃችሁ ጨፍልቃችሁ ስትጠርጓት መርዙ ይቀባችኋል። ቁስሉ መስመር የሚሆነው እጃችሁ በሄደበት ስለሚሄድ ነው። ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ከሆነ ሁለት ተመሳሳይ ቁስል ፊት ለፊት ይወጣል፤ ሲታጠፍ አንዱ ሌላውን ነክቶት ነው።

ለምን ሸረሪት እንደምትወነጀል ይገባኛል። ፔደሪን ወዲያው አያቃጥልም። ማታ ተቀብታችሁ የሚቀላው አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ነው፤ ከዚያ ውኃ ይቋጥራል። ያን ጊዜ ጥንዚዛዋ የለችም። ቀና ስትሉ ግን ጣሪያው ጥግ ላይ አንዲት ሸረሪት አለች። ፍርዱ በዚያው ይሰጣል።

ምን ታድርጉ? ጥንዚዛዋ ሰውነታችሁ ላይ ካረፈች አትጨፍልቋት፤ እፍ በሏት ወይም ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ጣሏት። ድንገት ከጨፈለቃችኋት ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠቡ። እጃችሁንም ታጠቡ፣ ዓይናችሁን እንዳትነኩ፤ ዓይን ከነካ በጣም ያሳብጣል። የነካችውን ልብስና አንሶላ እጠቡ። በረንዳ ላይ ነጭ መብራት ሌሊቱን ሙሉ አታሳድሩ፣ በተለይ አልጋው በመስኮቱ በኩል ከሆነ። አጎበር ዘርጉ። ሎሚ፣ ጨው፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ ነጭ ጋዝ አትቀቡ። አንድ ተማሪዬ ቤት ውስጥ ሎሚና ጨው ተቀብቶ መጥቶ ነበር። የቆሰለ ቆዳ ላይ አሲድ ጨመሩበት ማለት ነው፤ ጠባሳው ከመጀመሪያው ቁስል ይልቅ ከመድኃኒቱ የመጣ ነበር። ሳይነካካ ቢተው አብዛኛው በአንድና በሁለት ሳምንት ይድናል፤ ጥቁረቱ ግን ትንሽ ይቆያል። ከበዛ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው፤ አልማዝ ባለጭራ። ይህንንም «ሸረሪት ናት ያመጣችው» ይላሉ። የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ልጅ ሆናችሁ ጉድፍ፣ ማለትም ቺክን ፖክስ፣ ይዟችሁ ከነበረ ቫይረሱ ከሰውነታችሁ አልወጣም። ነርቭ ሥር ተደብቆ ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳና በዚያው ነርቭ መንገድ ወደ ቆዳ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ መሆኑ፣ እንደ መቀነት መሄዱ፣ ሽፍታው ሳይወጣ በፊት ለቀናት ማቃጠሉ ከዚህ ነው። መድኃኒት አለው። አሲክሎቪርና መሰሎቹ በተሻለ የሚሠሩት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ስለዚህ ሸረሪቷን እየረገሙ የሚያልፉት እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው።

ሰፈራችን አንዲት እናት ግንባራቸው ላይ ወጣባቸው። ሸረሪት ነው ተብሎ ከሳምንት በላይ አመድ ተደረገላቸው። ሲታከሙ ዓይናቸው ተነክቶ ነበር፤ በዚያኛው ዓይን ዛሬም በደንብ አያዩም። ቅንድብ፣ አፍንጫ ወይም ዓይን አካባቢ ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ወጣት ሆናችሁ ከወጣባችሁ ደግሞ የኤችአይቪ ምርመራም አድርጉ። ማንንም ለማሸማቀቅ አይደለም። የመከላከያ መዳከም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ነው፤ ቶሎ ከታወቀ ሕክምናው አለ።

ስለ ሸረሪቷ አንድ ነገር ቀረኝ። ከቪዲዮ የተማሩ ልጆች ትልቅ የመሬት ሸረሪት ባዩ ቁጥር «ታራንቱላ!» ይላሉ። ታራንቱላ የሚባሉት ትልልቆቹ ፀጉራም ሸረሪቶች ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ ቴራፎሲዴ። የእነሱ ጥርስ ሁለቱም ወደ ታች ጎን ለጎን ይሰነቀራል፤ የተኩላ ሸረሪት ጥርስ ግን ከግራና ከቀኝ ተገናኝቶ ይቆነጥጣል። እነሱ ሁለት ጥንድ ሳንባ አላቸው፣ እሷ አንድ ጥንድ። የቴራፎሲዴ ሴቶች ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ ተኩላ ሸረሪት ግን በአብዛኛው አንድ ሁለት ዓመት ነው። ድንጋይ ስትገለብጡ የምታገኟትን ጠቆር ያለች ሸረሪትም ከሷ ጋር አታምታቱ። ጠቆር ያለችዋ ናፎሲዴ ከሚባለው ቤተሰብ ልትሆን ትችላለች። ሆዷ ጫፍ ላይ ሁለት ቱቦዎች በግልጽ ወጣ ብለው ካያችሁ እንደዚያ ጠርጥሩ። የተኩላ ሸረሪት ማረጋገጫ ዓይኗ ነው፦ ታች አራት ትንንሽ፣ ከእነሱ በላይ ወደ ፊት የሚያዩ ሁለት ትልልቅ፣ ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ሁለት።

ስለዚህ «ይህች ምንድን ናት?» ብላችሁ ፎቶ ስትልኩልኝ ከሩቅ ያነሳችሁትን ቡናማ ነጥብ አትላኩ፤ የተጨፈለቀችም አትላኩ። ብርጭቆ ድፉባትና ትረጋጋ፤ ከዚያ ከፊት ዓይኗን፣ ከላይ ጀርባዋን፣ ከኋላ የሆዷን ጫፍ አንሱ። ለመጠን አጠገቧ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትጨርሱ ሣር ላይ ልቀቋት። ቤተሰቧን እነግራችኋለሁ። ዝርያዋን ግን በፎቶ አልነግራችሁም፤ እሱ የሚለየው የመራቢያ አካሏን በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው።