«ኤፍቢአይ ልትገባ ነው?»

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት፣ ያውም በፎረንሲክ (ከፍርድ ቤትና ከሕግ ጋር በተያያዘ) ትኩረት፣ ጀመረች የተባለ ቀን ቡና ላይ የተወራውን ብትሰሙ! አንዱ ኤፍቢአይ ያስገባታል፣ ሌላው ገዳይ ያስይዛታል። እሷ በስልክ ትስቃለች። ሰው የሚለውን በጥቅስ፣ ከዚያ ወዲህ እሷ ያስረዳችኝን ደግሞ ከሥሩ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ነፍሰ ገዳይ ታሳድዳለች»

የፊልም ጣጣ ነው። ኤፍቢአይ ውስጥ ከወንጀሉ ስፍራ ተነስተው የአድራጊውን ባሕርይ የሚተነትኑት በአብዛኛው ልምድ ያካበቱ መርማሪዎች ናቸው። እሷ የምታገኘው ሰው ቀድሞውኑ ተይዟል። ፍርድ ቤት በብዛት የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ ይህ ተከሳሽ አሁን ባለበት የአእምሮ ሁኔታ ለፍርድ መቅረብ ይችላል ወይ? መስፈርቱ የመጣው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 በደስኪ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ነው። ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር በቅጡ መመካከር፣ የተከሰሰበትንም ነገር መረዳት መቻል አለበት።

እስር ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አስቡ። እሷ ትጠይቃለች፣ ተከሳሹ ይመልሳል።

«የዳኛው ሥራ ምንድነው?»
«መፍረድ።»
«የጠበቃህስ?»
«እሱ የነሱው ሰው ነው።»

እዚህ ጋ እስክሪብቶው ይቆማል። መልሱ ሕመም የወለደው ጥርጣሬ ሊሆን ይችላል። ወይም ሰውየው ባለፈው ጊዜ የተመደበለት ጠበቃ 5 ደቂቃ እንኳ አላነጋገረውም ይሆናል። ከባዱ ትምህርት ይሄን መለየቱ ነው። ከዚያ ደግሞ መጻፉ አለ፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣ የማይፈርስ ዓረፍተ ነገር። አንድ ሪፖርት ከሱፐርቫይዘሯ ስንቴ ቀይ በቀይ ሆኖ እንደሚመለስላት ስትነግረኝ ኤፍቢአዩን ረሳሁት።

«ዲግሪው የፎረንሲክ ነው»

ዲግሪው የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ነው። ቴክሳስ፣ ሀንትስቪል ያለው የሳም ሂውስተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲ ለምሳሌ በዚሁ መልክ የተዘጋጀ ነው። ድብርትና ጭንቀት ማከም ያልቻለ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ስለ ሕመም ምን ሊል? ትምህርቱ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። አንድ ሙሉ ዓመት ኢንተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) አለው። ለሙያ ፈቃዱ ደግሞ 225 ጥያቄ ያለው ፈተና ይጠብቃል።

«ፒኤችዲው ውድ ነው፣ ሳይዲው ይረክሳል»

ባብዛኛው ተቃራኒው ነው። ምርምር ላይ የሚያተኩረው ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ ክፍያውን ይሸፍናል፣ የኪስ ገንዘብም አለው። ሕክምናው ላይ የሚያተኩረው ሌላው የሳይኮሎጂ ዶክትሬት፣ ሳይዲ (PsyD)፣ ግን በተማሪው ኪስ፣ ማለትም በብድር ነው።

«እብድ ነኝ ያለ ሁሉ ያመልጣል»

በ8 ስቴቶች ተሠርቶ በ1991 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ መከራከሪያ የሚነሳው ከ100 የከባድ ወንጀል ክሶች 1 ያህሉ ላይ ነው። ከተነሳባቸውም የሚሳካው ለሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የተሳካለትም ሻንጣውን ይዞ ቤቱ አይሄድም። ብዙውን ጊዜ የሚገባው ሆስፒታል ነው፣ መቼ እንደሚወጣም በውል አያውቅም።

«ዓይን አይታ ውሸት ታውቃለች»

ይሄን እኔም አምን ነበር። በ2006 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ግን ሰው ውሸትን ከእውነት የሚለየው 54 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው ይላል። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ሙያው በፈተና ይታገዛል። አንዱ ዘዴ፣ አላስታውስም ለሚል ሰው፣ ሁለት ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ምንም የማያውቅ ሰው በጭፍን ቢመርጥ ግማሽ ያህሉን ያገኛል። ከግማሽ እጅግ ያነሰ ያመጣ ሰው መልሱን ያውቀዋል ማለት ነው፤ አውቆ ነው የሚስተው።

«ለሷ የተነገረ ምስጢር ነው»

አይደለም። እሷን የመደባት ፍርድ ቤት ከሆነ ሪፖርቱ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ይህንን ገና ከመጀመሪያው ለተከሳሹ መናገር ግዴታዋ ነው።

«ምርመራው ለሁሉም ሰው አንድ ነው»

ይሄኛው እኛን ይነካል። በ1994 የወጣው አራተኛው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ «ዛር»ን ከባህል ጋር ከተያያዙ ሁኔታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ኢትዮጵያንም በስም ይጠቅሳል። አንድ የኛ ሰው «ዛር አለብኝ፣ ያናግረኛል» ቢል አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ «ድምፅ ይሰማኛል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሪፖርቱም በዚያው ይጻፋል። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት አስተርጓሚውን አስቁማ «ቃል በቃል ምን አለ?» እንደምትል ነገረችኝ። አማርኛ እየሰማች፣ አስተርጓሚው ግን እንደማትሰማ እያሰበ።