ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ምንድን ነው? ከመላምት ፍተሻ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

አራት ኪሎ አካባቢ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ሰልፍ የቆመን ሰው ብትጠይቁት አቤቱታው አንድ ነው። ዳቦው አንሷል። ባለ ዳቦ ቤቱ ደግሞ «ኧረ በፍጹም፣ 100 ግራም ነው፣ እንደ ድሮው» ይላል። ማን ልክ ነው?

አንዱን ዳቦ አንስቶ መመዘን ነገሩን አይፈታውም። ሊጥ ሲቆረጥ አንዱ ይከብዳል፣ ሌላው ይቀላል። ምድጃው ጥግ ላይ የነበረውም ከመሀለኛው የበለጠ ሊደርቅ ይችላል። አንድ ዳቦ 93 ግራም ቢመዝን ባለ ዳቦ ቤቱ «እሱ እኮ አንዱ ነው» ብሎ ይገላገላችኋል፤ እውነቱንም ነው። የተጋገረውን ሁሉ መመዘን ደግሞ አይቻልም። የሚቀረው ናሙና መውሰድ ነው። በስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ ተማሪውን የሚያስጨንቁት ሁለት ምዕራፎች፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫልና ሃይፖቴሲስ ቴስት፣ የሚነሱት ከዚሁ ነው። የመጀመሪያውን የመተማመኛ ክልል፣ ሁለተኛውን የመላምት ፍተሻ እያልኩ ልቀጥል።

25 ዳቦ ገዝተን መዘንን እንበል። አማካዩ 96 ግራም ሆነ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ማለትም ዳቦዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል ወዲህና ወዲያ እንደሚሉ የሚያሳየው ቁጥር፣ 8 ግራም ሆነ። (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔው ነኝ የፈጠርኳቸው። ማንም ዳቦ ቤት እንዳይታማባቸው።)

ነገ ሌላ 25 ዳቦ ብንገዛ እንደገና 96 ይመጣል? አይመጣም። 97.5 ሊሆን ይችላል፣ 94.8 ሊሆን ይችላል። አማካዩ ራሱ ከናሙና ናሙና ይዋዥቃል። የዚህ መዋዠቅ መጠን ስታንዳርድ ኤረር ይባላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 8ን ለ25 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ5፣ ማካፈል። 1.6 ግራም ይመጣል። እዚህ ጋ ሁለቱን የሚያደባልቅ ብዙ ነው። ዴቪዬሽኑ የሚያወራው ስለ ነጠላ ዳቦ ነው፤ ኤረሩ ስለ አማካዩ። ናሙናው ቢበዛም ዳቦዎቹ እርስ በርስ መለያየታቸውን አይተዉም። አማካዩ ግን እየረጋ ይሄዳል።

አሁን ከ96 ተነስተን ስንት ስታንዳርድ ኤረር ወደ ታችና ወደ ላይ እንሂድ? ናሙናው ትልቅ ከሆነ ለ95 ከመቶ መተማመኛ 1.96 ይበቃል። ናሙናው ትንሽ ሲሆን ግን 8 ግራም ያልነው ራሱ ግምት ስለሆነ ትንሽ ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ያሰላው ዊልያም ጎሴት ነው፤ ደብሊን ከተማ ውስጥ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሥራው በጥቂት ናሙና እንዲወስን ያስገድደው ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በራሳቸው ስም ጽሑፍ እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ እ.ኤ.አ. በ1908 ጥናቱን «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አወጣው። ፈተና ላይ የምታገላብጡት የቲ ሰንጠረዥ የዚህ ሰው ውለታ ነው። ለ25 ዳቦ ሰንጠረዡ 2.064 ይሰጠናል። በ1.6 ስናባዛው 3.3 ይሆናል። እንግዲህ ክልላችን ከ92.7 እስከ 99.3 ግራም ነው።

ስሌቱ አለቀ። ችግሩ የሚጀምረው ትርጉሙ ላይ ነው።

አብዛኛው ተማሪ መልስ ወረቀቱ ላይ «እውነተኛው አማካይ በ92.7 እና በ99.3 መካከል የመሆን ዕድሉ 95 ከመቶ ነው» ብሎ ይጽፋል። ጥብቅ መምህር ከገጠመው ኤክስ ይሰጠዋል። ተማሪው ይናደዳል፤ «ታዲያ 95 ምንድን ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እውነተኛው አማካይ እኛ ስላላወቅነው ብቻ አይንቀሳቀስም። አንድ የቆመ ቁጥር ነው። የሚንቀሳቀሰው ክልሉ ነው፣ ምክንያቱም ናሙናው በተቀየረ ቁጥር ክልሉም ይቀየራል። 95 የሚለው ቁጥር የተሰጠው ለአሠራሩ ነው እንጂ በእጃችን ላለው ክልል አይደለም። 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 25 ዳቦ ገዝተው በዚሁ መንገድ ቢያሰሉ፣ 95 ያህሉ እውነተኛውን አማካይ ያቀፈ ክልል ይዘው ይመለሳሉ። 5 ያህሉ ደግሞ ስተውም አያውቁትም። እኛ ከየትኞቹ እንደሆንን የሚነግረን የለም።

ከመቶ መኪና 95ቱን በትክክል የሚጠግን ጋራዥ አለ እንበል። የናንተ መኪና ዛሬ ከዚያ ስትወጣ ወይ ተጠግናለች ወይ አልተጠገነችም፤ 95 ከመቶ የተጠገነች መኪና የለችም። የምታምኑት ጋራዡን ነው። ሐሳቡን በዚህ መልክ አጥርቶ ያስቀመጠው ጀርዚ ኔይማን የተባለ ፖላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1937 ነው። ስለ አማካዩ ራሱ «ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ማለት የሚፈልግ ሰው ቤይዥያን የሚባለውን ሌላ መንገድ መከተል ይችላል። እሱ ሌላ ኮርስ ነው፤ እንለፈው።

ወደ መላምት ፍተሻው እንምጣ። እዚህ የምንነሳው ከባለ ዳቦ ቤቱ ቃል ነው፦ አማካዩ 100 ግራም ነው። ይህ ተማሪዎች «ኤች ኖት» የሚሉት መላምት ነው። ማስረጃ እስኪቀርብበት ድረስ ባለበት ይቆያል። እኛ ያገኘነው 96 ከ100 በ4 ግራም ይርቃል። 4ን ለ1.6 ስናካፍለው 2.5 ይሆናል፤ ናሙናችን ከተባለው ቁጥር 2.5 ስታንዳርድ ኤረር ርቋል ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣው ፒ ቫሊዩ 0.02 ገደማ ነው።

ፒ ቫሊዩ የሚመልሰው ጥያቄ ጠባብ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ እውነቱን ቢሆን ኖሮ፣ በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ከ100 የራቀ ናሙና የሚመጣው ስንት ጊዜ ነው? ከመቶ ሁለቴ ያህል። በቃ፣ ይኼው ነው። «ባለ ዳቦ ቤቱ እውነተኛ የመሆኑ ዕድል 2 ከመቶ ነው» ማለት አይደለም። ይህ ስሕተት ተማሪው ጋ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ፒ ቫሊዩ አጠቃቀም መግለጫ እስከማውጣት የደረሰው ተመራማሪዎቹም እየሳቱት ስለተቸገረ ነው።

ፒ ቫሊዩ ከሷ ካነሰ መላምቱ የሚጣልባት፣ 0.05 የምትባለዋ ድንበርስ ከየት መጣች? ከሰማይ አልወረደችም። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመ መጽሐፉ ከ20 አንዱን አመቺ ወሰን አድርጎ ወሰደው፣ ዓለምም ተቀበለው። 0.049 ሲመጣ ጮቤ የሚረግጥ፣ 0.051 ሲመጣ አንገቱን የሚደፋ የመመረቂያ ጥናት ተማሪ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ሁለቱ ምዕራፎች የሚገናኙት እዚህ ነው። ክልላችን ከ92.7 እስከ 99.3 ነበር፤ 100 ከክልሉ ውጭ ነው። ፍተሻውም በ0.05 ወሰን 100ን ጣለው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የ95 ከመቶ ክልል ማለት በ0.05 ፍተሻ ብትፈትኗቸው የማይወድቁ መላምቶች ስብስብ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ «እሺ፣ 98 ነው» ብሎ ቢያሻሽል? 98 ክልሉ ውስጥ ስላለ ልንጥልበት አንችልም። 95 ቢልም ያው። ፍተሻው ስለ አንድ ቁጥር ብቻ «ወድቋል» ወይም «አልወደቀም» ሲል፣ ክልሉ ስለ ሁሉም ቁጥሮች በአንዴ ይመልሳል። በዚያ ላይ ጉድለቱ በግራም ስንት ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል፦ ቢያንስ 0.7፣ ቢበዛ 7.3። ስለዚህ የሪሰርች ወረቀት ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ክልሉ ነው። ፒ ቫሊዩ ብቻ ጽፎ ክልሉን የተወ ወረቀት ግማሹን ወሬ ይዞ የቀረ ይመስለኛል።

ለምን እንደሆነ በሁለት ናሙና ላሳይ። 25 በመግዛት ፈንታ 4 ዳቦ ብቻ ገዛን እንበል፣ አማካዩም ዴቪዬሽኑም ያው 96 እና 8። አሁን ስታንዳርድ ኤረሩ 4 ሆነ፣ የሰንጠረዡ ቁጥር 3.182። ክልሉ ከ83.3 እስከ 108.7 ተዘረጋ። 100 ውስጡ ገባ፣ ፍተሻው መላምቱን አልጣለም። ባለ ዳቦ ቤቱ «አያችሁ፣ ነፃ ወጣሁ» ሊል ይችላል። አልወጣም። ክልሉ እኮ 85ንም ይዟል። አራት ዳቦ ምንም አልነገረንም ማለት ነው። አንድን መላምት መጣል አለመቻል መላምቱን ማረጋገጥ አይደለም።

ተቃራኒውን ደግሞ እዩት። 2,500 ዳቦ መዝነን ዴቪዬሽኑ ያው 8፣ አማካዩ ግን 99.5 ቢሆን ስታንዳርድ ኤረሩ 0.16 ብቻ ነው። ክልሉ ከ99.2 እስከ 99.8 ይሆናል። 100 ከውጭ ቀረ፣ ፒ ቫሊዩውም 0.002 ገደማ ነው። «ሲግኒፊካንት!»፣ ማለትም መላምቱን የጣለ ውጤት፣ ተብሎ ኮከብ ይደረግበታል። ለግማሽ ግራም ግን ዳቦ ቤት በር ላይ የሚጣላ ሰው የለም።

ይህ ሁሉ የቆመው ናሙናው በትክክል ተወስዷል ከሚል ግምት ላይ ነው። 25ቱንም ዳቦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአንድ ምድጃ ከገዛችኋቸው የመዘናችሁት ያቺን ጠዋት ነው። በአንድ እጅ የተቆረጡ ዳቦዎች ይመሳሰላሉ፤ 25 ቢመስሉም የሚሰጡት መረጃ የጥቂት ዳቦ ያህል ነው። ስለ መሀል አዲስ አበባ ዳቦ ማውራት ከፈለጋችሁ ከፒያሳም፣ ከካዛንቺስም፣ ከሜክሲኮም፣ በተለያየ ሰዓትና ቀን መግዛት አለባችሁ። ትልልቆቹ ጥናቶችም ከዚህ ጣጣ አያመልጡም። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል። የተመረጡት ግን ከመላ አገሪቱ አንድ በአንድ በዕጣ ሳይሆን፣ መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመርጠው ከየቦታው ቤተሰቦች በመውሰድ ነው። ጎረቤታሞች በኑሯቸው ስለሚመሳሰሉ ስታንዳርድ ኤረሩ ይህን አስልቶ ብዙ ጊዜ ሰፋ ይላል። ሪፖርቱን ብትከፍቱ መጨረሻው አካባቢ የዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች ስታንዳርድ ኤረርና ሁለት እጥፉ ተቀንሶና ተደምሮ የተገኙ ወሰኖችን የያዘ ሰንጠረዥ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ሳያየው የሚዘጋው ክፍል ነው።

ሌላው ወጥመድ ፍተሻ ማብዛት ነው። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከፍቶ 20 ነገር መፈተሽ የደቂቃ ሥራ ነው። እርስ በርስ የማይነካኩ 20 ፍተሻዎች ብታደርጉና በእውነቱ አንዱም ላይ ልዩነት ባይኖር፣ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 በታች የሚወርድበት ዕድል 64 ከመቶ ያህል ነው። ያቺን አንዷን ብቻ መዝዞ ወረቀት ላይ ማውጣት ዳታን ማስለፍለፍ ነው። በአንድ ወገን ፍተሻም እንዲሁ ነው። «አንሷል» የሚለውን ብቻ ብንፈትሽ የኛ 0.02 ወደ 0.01 ይወርዳል። ይህን ግን ዳቦው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት መወሰን ነው እንጂ ውጤቱን አይቶ አይሆንም።

ክልሉን ማጥበብ ለሚፈልግ ደግሞ ዋጋው ይህ ነው። በግማሽ ለማጥበብ ናሙናውን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል፣ ስኩዌር ሩቱ ነው የሚያስከፍለን። ዴቪዬሽኑ 8 ግራም ከሆነ 100 ዳቦ ክልሉን ወደ 1.6 ግራም ግራና ቀኝ ያወርደዋል። ለ1 ግራም 246 ዳቦ ያስፈልጋል። ለግማሽ ግራም ወደ 1,000 ይጠጋል፤ እሱን ለዳቦ ቤት ተቆጣጣሪዎች መተው ነው።