ኮምፕሊያንስ ምንድን ነው? የብሎን ቀዳዳ ጉዳይ አይደለም

አንድ ካርትሪጅ (የሸክላ ማጫወቻ ክንድ ጫፍ ላይ የሚታሰረው፣ መርፌውን የያዘው ዕቃ) ለአንድ ክንድ ይስማማል ወይ ለሚል ጥያቄ «ቀዳዳው 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ ከክንዱ ጋር ኮምፕሊያንስ አለው» የሚል መልስ እንደገና አነበብኩ። ወንድሜ፣ ኮምፕሊያንስ መስማማት ማለት አይደለም! 12.7 በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ የሚነግርህ ካርትሪጁ በብሎን እንደሚታሰር ብቻ ነው።

መርፌውን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ላስቲክ ውስጥ ተተክላለች። ኮምፕሊያንስ የዚያ ላስቲክ ልስላሴ ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ለስላሳ፣ ሲያንስ ደረቅ።

መኪና አስብ። መርፌው ጎማው፣ ላስቲኩ ሞላው ነው፤ ክንዱና ካርትሪጁ ሞላው ላይ የተቀመጠው አካል ናቸው። የተጣመመ ሸክላ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ሙዚቃው ደግሞ ኮረኮንች። አካሉ ዳገቱን ተከትሎ እንዲወጣና እንዲወርድ፣ ኮረኮንቹን ግን ጎማው ብቻውን እንዲጨርሰው ነው የምንፈልገው። ከባድ አካል ለስላሳ ሞላ ላይ ከተቀመጠ ዳገቱን ሲያልፍ እየዋዠቀ ይሄዳል። ቀላል መኪና ላይ የጭነት መኪና ሞላ ከገጠምክ ደግሞ ጠጠሩ ሁሉ አካሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ባሱም ይበላሻል።

ክንዱና ካርትሪጁ ላስቲኩ ላይ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚዋዥቁ (በኸርዝ) የምታወጣበት ሒሳብ ቀላል ነው። የክንዱን፣ የካርትሪጁንና የብሎኑን ግራም ደምር፣ በኮምፕሊያንሱ አባዛ፣ 159ን ለውጤቱ ስኩዌር ሩት አካፍል። ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ከመጣ ጥሩ ነው። 12 ግራም ክንድ፣ 6 ግራም ካርትሪጅ፣ 1 ግራም ብሎን፣ ኮምፕሊያንስ 12 ከሆነ 10.5 ይመጣል። ክንዱን 20 ግራም፣ ኮምፕሊያንሱን 35 አድርገው፤ 5.2 ላይ ትወርዳለህ፣ የሸክላው መጣመም የሚጫወትበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ያኔ በዘፈኖቹ መካከል ባለው ጸጥታ የስፒከሩን ትልቁን ሾጣጣ እየው፦ ምንም ድምፅ ሳይሰማ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይላል።

የክንዱ ግራም ስል ሚዛን ላይ የሚነበበውን ማለቴ አይደለም፤ መርፌው ጫፍ ላይ የሚሰማውን ነው፣ አምራቹ ይጽፈዋል። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበት ኃይልም ሌላ ነገር ነው። ደግሞ የጃፓን አምራቾች ብዙ ጊዜ ኮምፕሊያንስን የሚለኩት በ100 ኸርዝ ነው፤ ዴኖን ዲኤል-103 የሚባለው ካርትሪጅ ቁጥር 5 የሆነው በዚያ ነው። ሒሳቡ የሚፈልገው የ10 ኸርዙን ስለሆነ ሳትቀይረው አታስገባው፤ እንደ ካርትሪጁ ቢለያይም በግምት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሆናል።

ከክንዱ ወደ ካርትሪጁ የሚገቡትን አራት ሽቦዎች በተመለከተ፦ ቀይ የቀኝ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ የቀኝ ኔጌቲቭ፣ ነጭ የግራ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ የግራ ኔጌቲቭ ነው። የአንዱን ጎን ብቻ ካገላበጥክ ባሱ ይጠፋል፤ ያኔ ኮምፕሊያንሱን አትውቀስ። መበየድ ካለብህም የሽቦዎቹን ጫፍ መያዣዎች መጀመሪያ ከካርትሪጁ ንቀል፣ ሙቀቱ ካርትሪጁ ውስጥ ያሉትን ፀጉር የመሰሉ ሽቦዎች ይቆርጣቸዋል።