«የማይሸት ላምባ» ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት፣ በአንድ የሐምሌ ምሽት፣ መብራት ሄደ። ዝናቡ የሆነ ምሰሶ ጥሏል አሉ። ይመጣል ብለን ጠበቅን፤ አልመጣም። በነጋታውም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን የስልኬ ባትሪም ሻማውም አለቀ። እናቴ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የተወሸቀውን የድሮ ፋኖስ አስታወሰችኝ። አውጥቼ ብርጭቆውን አጠብኩ፣ ከሰፈር ሱቅ በሃይላንድ የተቀዳ ላምባ ገዝቼ ሞላሁትና ለኮስኩት። በብርሃኑ ተደስቼ ሳልጨርስ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

«ይሄ ቤት መቼ ነው ጋራዥ የሆነው?»

እውነቷን ነው። ሲነጋ መጋረጃው ላምባ ላምባ ይሸታል። ጋቢዬም እንደዚያው። መሶብ ውስጥ የነበረው እንጀራ ሳይቀር ጠረኑን ይዞ አድሯል።

ይህን ሳጫውተው አንድ ወዳጄ «የማይሸት ላምባ አለ እኮ፤ እሱን ፈልግ» አለኝ። ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ፍለጋ ገባሁ። አንዱ «አለ» ይላል፣ ሌላው «ኧረ የለም» ይላል። ስጠያይቅ ከርሜ የገባኝ፣ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው አንድ ነገር አለመሆኑን ነው። አንዱ ደህና የተጣራ ላምባ ይላል። አንዱ ፓራፊን ይላል። አንዱ ደግሞ የምግብ ዘይት ማለቱ ነው። ሦስቱም ይነዳሉ፤ ሦስቱንም ግን አንድ ፋኖስ አይቀበላቸውም።

መጀመሪያ ላምባው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ በቤንዚንና በናፍጣ መካከል የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ቤንዚን ቀላሉ ነው፣ በትንሽ ሙቀት ይተናል። ናፍጣ ከባዱ ነው። ላምባ በመሐል፣ በግምት ከ150 እስከ 275 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እየተነነ ይለያል። ሌላ ስሙ ኬሮሲን ነው። ይህን ስም ያወጣለት አብርሃም ጌስነር የተባለ ካናዳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1846 ከድንጋይ ከሰል አንጥሮ ለሕዝብ አሳይቶታል። ቃሉን የወሰደው ከግሪክ ነው፤ «ኬሮስ» ሰም ማለት ነው። ጧፍ ሲበራ ላደገ ሰው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ጠረናቸው ግን አይገናኝም።

የእኛ ችግር ከስሙ ይጀምራል። ላምባን «ነጭ ጋዝ» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ማደያ ላይ ደግሞ «ነጭ ናፍጣ» የሚባል አለ፤ እሱ መኪና የሚነዳበት ነው። ልጅ ልካችሁ «ነጩን አምጣ» ብትሉት ምን ይዞ እንደሚመጣ እግዜር ይወቅ። እኔም ያን ቀን ሱቅ ገብቼ «እትዬ፣ ይሄ ላምባ ነው?» ስላቸው «ነጭ ነው» አሉኝ። ነጭ ምን? አልጠየቅኩም። ቤት ገብቼም በድንግዝግዝ ነው የቀዳሁት። በማግስቱ ሃይላንዱን ወደ ፀሐይ ቀና ባደርገው ቢጫ አለብኝ። ደህና ላምባ እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው።

ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል አደረግኩ። ይህቺ ቀላል መፈተሻ ናት፤ ከእሳት ርቃችሁ ብቻ አድርጉት። ላምባ ከሆነ ቀስ እያለ ተኖ ይጠፋል። ናፍጣ የተቀላቀለበት ከሆነ እንደ ዘይት እድፍ ጥሎ ያድራል። የእኔ ወረቀት በነጋታውም ክቧን እንደያዘች ነበረች። ላቦራቶሪ አይደለችም፣ ግን ለእኔ በቂ መልስ ሰጠችኝ። እናቴ «ጋራዥ» ያለችው ለካ ቀልድ አልነበረም።

ናፍጣ ቢሸት ቢያጨስ ነው። ቤንዚን የተቀላቀለበት ግን ሌላ ጣጣ ነው። የላምባ ትነት በክብሪት ለመያያዝ ፈሳሹ ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳን ይያያዛል። ስለዚህ የፋኖሱ ሆድ ውስጥ ገና ቁጭ እንዳለ ትነቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። ፋኖስ በቤንዚን አይሞከርም። «ትንሽ ብቻ» የሚባልም ነገር የለውም። ሃይላንዱ ሲከፈት ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ ለማንም አትስጡት፣ ፋኖስ ውስጥም አይግባ።

አሁን ወደ ሽታው። ንጹሕ ላምባስ ለምን ይሸታል? ግማሹ ከራሱ ከነዳጁ ነው። ላምባ ውስጥ ድኝ አለ። ድኝ ሲቃጠል ክብሪት ሲጫር አፍንጫ ላይ የሚወጣውን ዓይነት የሚሰነፍጥ ጋዝ ይሰጣል። በአሜሪካ ደረጃ ለቤት ውስጥ የሚሆነው ላምባ 1-ኬ ይባላል፣ ድኙ ከ0.04 በመቶ መብለጥ የለበትም። 2-ኬ የሚባለው እስከ 0.3 በመቶ ይፈቀድለታል። ሁለቱም ላምባ ናቸው፤ አንዱ ግን ከሌላው ከሰባት እጥፍ በላይ ድኝ ሊይዝ ይችላል። ከድኙ ሌላ አሮማቲክ የሚባሉ ውህዶች አሉ። እነሱ ሳይቃጠሉም ይሸታሉ፤ ያን የታወቀ የላምባ ጠረን የሚሰጡት በአመዛኙ እነሱ ናቸው።

የወዳጄ «የማይሸት ላምባ» በትክክለኛ ትርጉሙ ይህ ነው። ድኙና አሮማቲኩ ይበልጥ እንዲወጣለት ተደርጎ የተጣራ። ከዚያም አልፎ የተጣራው በውጭ አገር በጠርሙስ ታሽጎ የመብራት ፓራፊን ተብሎ ይሸጣል። ከላምባ ትንሽ ይወፍራል፣ ለመያያዝም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፣ ጠረኑ ከምንም አይቆጠርም። በሄድኩባቸው ሱቆች አላገኘሁትም።

ፓራፊን ስትሉ ግን ወደ ፋርማሲ እንዳትሄዱ። እዚያ «ሊኩዊድ ፓራፊን» ተብሎ የሚሸጠው ለሆድ ድርቀት የሚሆነው ወፍራሙ ነው። የፋኖስ ክር አይስበውም። አንድ ጎረቤታችን ሞክሮት ክሩ ብቻውን ነደደ፤ ቤቱ የተቃጠለ ጨርቅ ጨርቅ ሸተተ። እንግሊዞች ደግሞ ላምባን ራሱን ፓራፊን ይሉታል። ሻማም ፓራፊን ነው። ስሙ አንድ፣ ዕቃው አራት።

ሌላው ግማሽ ሽታ ከነዳጁ ሳይሆን ከእኛ ነው። ሳይቃጠል የሚያመልጥ ትነት ነው የሚሸተው። ፋኖስ በጣም የሚሸተው ሲለኮስና ሲጠፋ መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያኔ ክሩ ትነት ይሰጣል፣ ነበልባሉ ግን ወይ ገና አልጠነከረም ወይ የለም። እናቴ «ላምባ ቆጥብ» እያለች ነበልባሉን ዝቅ ዝቅ ታደርገው ነበር። ቁጠባው ቁጠባ ነው፤ ዝቅ ሲል ግን ነበልባሉ ይቀዘቅዛል፣ ትነቱን አይጨርሰውም። ሌሊቱን ሙሉ በትንሹ የበራ ፋኖስ ነው ቤት የሚያሸተው። በጣም ከፍ ሲል ደግሞ ብርጭቆው ይጠቁራል። ልኩ፣ ጫፉ ሳይሾል፣ ጥላሸት ሳይተፋ፣ ጸጥ ብሎ የሚበራው ነው። ከጣና በኩል ማታ የሚመጣው ነፋስ ነበልባሉን ካወዛወዘውም ያው ነው። መስኮቱ ለአየር ይከፈት፤ ፋኖሱ ግን ከነፋሱ መንገድ ዞር ይበል።

ክሩን ቁረጡ። የኔ ፋኖስ ክር የተቆረጠው መቼ እንደሆነ እንጃ። ጫፉ እንደ ተቃጠለ ዳቦ ቅርፊት ደርቆ ነበር። በሹል መቀስ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት፣ ሁለቱን ጥጎች በጣም ትንሽ ሸረፍኳቸው፤ ጥጎቹ ሹል ከሆኑ ነበልባሉ ቀንድ ያወጣል፣ ቀንዱም ያጨሳል። አዲስ ክር ከሆነ ደግሞ ላምባውን ጠጥቶ እስኪርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሱት። ናፍጣ የጠጣ ክር ንጹሕ ላምባ ቢሞላበትም መሽተቱን አይተውም፤ ጣሉት። ሲሞላ ጎኑ ላይ የፈሰሰችውን ጠብታም በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ውጭ አስጡት። ከአምና የተረፈ ላምባ ውኃ ስቦና ቢጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ እሱንም ተዉት። የብርጭቆውን አፍም እዩት። በሐይቁ ዳር ቤት ማታ ብርሃን አይተው የሚመጡ ትንንሽ ነፍሳት እዚያ ገብተው ይጠበሳሉ። የተጠበሰ ትንኝ እንዴት እንደሚሸት የሐይቅ ዳር ሰው አይነገረውም።

ኩራዝ ግን በምንም ላምባ አይድንም። ቆርቆሮና ክር ነው፣ ብርጭቆ የለው፣ አየር የሚስብበት መንገድ የለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዲህ ያለው መብራት ከሚያቃጥለው ላምባ ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነውን ጥላሸት አድርጎ እንደሚተፋው ለክቶ አሳይቷል። በኩራዝ ያጠና ሰው ጥናት አያስፈልገውም። ጠዋት ሲናፈጥ መሐረቡ ላይ ያየዋል።

ሦስተኛው «የማይሸት» ዘይት ነው። ነዳጅ ሳይሆን የምግብ ዘይት። በዘጸአት 27፥20 ለመብራት የታዘዘው ተወቅጦ የተጠለለ የወይራ ዘይት ነው። (በእኛ አገር ወይራ የሚታወቀው በዘይቱ ሳይሆን በጭሱ ነው፤ የጠላ ጋን ይታጠንበታል።) የዘይት መብራት ሲነድ ብዙም አይሸትም፣ ቢደፋም እንደ ላምባ በቀላሉ አይያያዝም። ችግሩ መወፈሩ ነው። ላምባ በረጅም ክር ሽቅብ ይወጣል፤ ዘይት ከጥቂት ጣት በላይ አይወጣም። ስለዚህ ዘይት ፋኖስ ውስጥ ከጨመራችሁ ክሩ ይደርቅና ይቃጠላል። ዘይት የሚፈልገው ነበልባሉ ከራሱ ከዘይቱ ፊት አጠገብ የሚቀመጥበትን ነው። አንድ የሻይ ብርጭቆ ግማሹን ውኃ፣ ላዩ ላይ ሁለት ጣት ዘይት፣ ተንሳፋፊ ቡሽ ላይ የተሰካ የጥጥ ክር። ዘይቱ ሲያልቅ ክሩ ውኃ ያገኝና ራሱ ይጠፋል።

የትኛው ዘይት? እዚህ አካባቢ መጀመሪያ እጅ የሚገባው ኑግ ነው፤ እኔም በእሱ ጀመርኩ። ሁለት ምሽት ጥሩ በራ። በሦስተኛው ክሩ ሙጫ ይዞ ተኮማተረ። ኑግ አየር ሲነካው የሚደርቅ ዘይት ነው። የዘይት ጠርሙስ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ያለውን የሚያጣብቅ ነገር አስቡት፤ ክሩ ላይም የሆነው እሱ ነው። ተልባ ይብሳል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ ማንም ሳይለኩሰው ራሱ ግሎ እሳት ሊይዝ ይችላል። የወይራ ዘይት በቀላሉ አይደርቅም፣ ዋጋው ግን ያስለቅሳል። ጎመን ዘር መካከለኛ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መርከቦች መንገድ የሚያዩባቸው የባሕር ዳርቻ መብራቶች በእሱ ዘመድ ዘይት ይበሩ ነበር። የትኛውንም ብትመርጡ ስታጠፉት እፍ አትበሉ። የጋለ ክር ላይ ዘይት ሲጨስ፣ ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ የሚወጣው ዓይነት ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይወጣል። ክሩን በሽቦ ዘይቱ ውስጥ አጥልቁት።

ጠረኑን በሌላ ጠረን ማባረር የሚወድም አለ። እንደ ጠጅ ሳር የሚሸት የወባ ትንኝ ማባረሪያ የመብራት ዘይት ይሸጣል፤ ሲትሮኔላ ይባላል፣ የጠጅ ሳር ዘመድ ነው። እሱ በረንዳ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይደለም። ቤት መሽተት ያማረው ሰው ጧፍ ያብራ። ዘጌ ገዳማት ውስጥ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ያን ማር ማር የሚል አየር ታስታውሳላችሁ፤ የንብ ሰም ነው። ለአንድ ምሽት መብራት ግን ጧፍ ውድ ነው፣ ቶሎም ያልቃል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ላምባ ውኃ ስለሚመስል በሃይላንድ አታስቀምጡት። ልጅ ይጠጣዋል። ከጠጣም አታስመልሱት፤ ወደ ሳንባ ከገባ ጉዳቱ የሚብሰው ያኔ ነው። ቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ላምባ በቤት ውስጥ ባይነድ ይመረጣል ብሏል። እኔም ለዘወትር ከሆነ ትንሽ ሶላር ይሻላል ባይ ነኝ። ፋኖስ መብራት ሲሄድ ብቻ የሚመጣ እንግዳ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ሄደ። ጥርት ያለ ላምባ፣ የተቆረጠ አዲስ ክር፣ የታጠበ ብርጭቆ። ውጭ በረንዳ ላይ ለኮስኩትና ነበልባሉ ሲጠና ወደ ውስጥ አስገባሁት። እናቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ቀና ብላ አየችው። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ምን ይሸታል?» አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ።

«ያንተ ቆሮሶ ዓሣ ነው። አገላብጠው፣ እያረረ ነው።»