አለርጂ ሲነሳ ደም ስር ይፈነዳል እንዴ?

አቦ ይሄ ጥያቄ ግሩፑ ላይ ተደጋገመ። አይፈነዳም። የደም ስር ውስጠኛው ገጽ ጎን ለጎን በተያያዙ ስስ ሴሎች የተሸፈነ ነው፣ እንደ ወለል ሴራሚክ በሉት። ድሬ ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቁጭ ብለህ ቢንቢ ነከሰችህ እንበል፣ ምራቋ አለርጂ ከሆነብህ ቆዳህ ውስጥ ያሉት ማስት ሴሎች (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ናቸው) ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፣ እሱ የደም ስሩ ሴሎች ላይ ያለው ኤች 1 የሚባል ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ውስጣቸው ካልሲየም ይጨምርና ይኮማተራሉ፣ መሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ በዛ በኩል የደሙ ፈሳሽ ወደ ቆዳው ይወጣል፣ እብጠቱ እሱ ነው በቃ። በደቂቃዎች ውስጥ የሚሆን ነገር ነው፣ ክፍተቱም ቆይቶ ይዘጋል። መቅላቱና መሞቁ ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ተለቆ ስሩ ስለሚሰፋ ነው።

መንገዱ ለሁሉም ያው ነው፣ የሚለያየው መጠኑ፤ አንዱ ላይ ነጥብ የምታክል ትወጣለች ሌላው ክንዱ ሙሉ ያብጣል። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ክኒን ተቀባዩን ቀድሞ ይዞ ሂስታሚኑን ይከለክለዋል እንጂ የወጣውን ፈሳሽ አይመጥም፣ ለዛ ነው እንደዋጣችሁት እብጠቱ የማይጎድለው። ጉሮሮ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረ ግን ክኒን እየጠበቁ መቀመጥ የለም፣ አድሬናሊን ነው የሚያስፈልገው፣ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቅርብ ያለ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።