ሁክ እና ፕለጊን፦ ግንቡን ሳይነኩ መግባት

ፕለጊን ማለት ሶፍትዌሩ ከተሠራ በኋላ ከውጭ የሚጨመርለት ኮድ ነው። ዋናውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ያላሰበውን ሥራ ይዞ ይመጣል። ሁክ ደግሞ ፕለጊኑ የሚያያዝበት ቦታ ነው። ቃሉ ሲተረጎም መንጠቆ ነው። ሐረር ለሚያውቅ ሰው ግን በር ቢባል ይቀለዋል።

ጀጎልን አስቡት። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ ሲሠራ 5 በሮች ተተዉለት። ዛሬ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፋላና በር እንላቸዋለን። ጫት የጫነውም፣ አትክልት ያመጣችውም በእነሱ ነው የሚገቡት። ግንቡን የሠሩት ሰዎች ከ400 ዓመት በኋላ ማን እንደሚገባ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። በየት በኩል እንደሚገባ ግን ወስነዋል። ሁክ ያለው ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ያለ አንድ ሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም አለው እንበል። ሽያጭ በተመዘገበ ቁጥር ፕሮግራሙ «ሽያጭ ተመዝግቧል» ብሎ ይጣራል። ይህ ክስተት ኢቨንት ይባላል። አንዱ ፕለጊን ለባለሱቁ የስልክ መልእክት ይልካል። ሌላው ከመጋዘን ቆጠራ ላይ ይቀንሳል። ሁለቱም «ሽያጭ ሲኖር ጥራኝ» ብለው ቀድመው ተመዝግበዋል። ፕሮግራሙ መዝገቡን ገልጦ በየተራ ይጠራቸዋል። ምን እንደሚሠሩ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። መዝገቡ ባዶ ቢሆን እንኳ ሥራው አይቆምም።

ከውስጥ ሲታይ ነገሩ አያስፈራም። የኢቨንት ስሞች አሉ፤ በእያንዳንዱ ስም ሥር የፋንክሽኖች፣ ማለትም ሲጠሩ አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች፣ ዝርዝር አለ። አንድ መመዝገቢያ ፋንክሽን፣ አንድ መጥሪያ ፋንክሽን፣ በቃ። 20 መስመር ኮድ ይበቃዋል። ከባዱ ሥራ መጥሪያው የትኛው መስመር ላይ ይቀመጥ የሚለው ነው።

ለምን ዋናውን ኮድ ራሱን አንቀይረውም? እኔ ሞክሬዋለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ለአንድ ሱቅ ደረሰኝ ላይ የኢትዮጵያ ቀን እንዲወጣ ብዬ የፕሮግራሙን ኮድ ነካካሁ። ለወራት ሠራ። ከዚያ አዲስ ስሪት ሲጫን የጻፍኩት ሁሉ ተደመሰሰ። ደረሰኙ ላይ እንደገና የፈረንጅ ቀን መውጣት ጀመረ። ሁክ ቢኖር ኖሮ የእኔ ኮድ በራሱ ፋይል ተቀምጦ ከዋናው ጋር ሳይነካካ ይቀጥል ነበር።

ሁኮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው በወርድፕሬስ ቋንቋ አክሽን እና ፊልተር ይባላሉ። አክሽን ከላይ ያየነው ነው፤ «ይህ ሆኗል፣ የምትሠራው ካለህ ሥራ» ይላል። ፊልተር ግን ዕቃ አስይዞ ይጠራል። ፕለጊኑ የተሰጠውን ተቀብሎ፣ አስተካክሎ መመለስ አለበት። መመለሱን ከረሳ ቀጣዩ ባዶ እጁን ይቀራል። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ለእኛ አገር ፊልተር ትልቅ ነገር ነው፤ በቀን መቁጠሪያችን ምክንያት። ፕሮግራሙ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 የሚል ቀን ይሰጣል፤ ፕለጊኑ መስከረም 1 ቀን 2017 ብሎ ይመልሳል። ጠዋት 8 የሚለውን ሰዓት 2 ያደርገዋል። ግን አንድ አደገኛ ቦታ አለ። ለውጡ ቀኑ ለሰው ከመታየቱ በፊት መሆን አለበት እንጂ ከመቀመጡ በፊት መሆን የለበትም። የተቀመጠው ቀን ከተለወጠ የወሩ ሪፖርት ይዘበራረቃል፤ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ሰንጠረዥ ውስጥ ጳጉሜ መግቢያ ታጣለች። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራመር «ከመቀመጡ በፊት» እና «ከመታየቱ በፊት» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ሁኮችን ይተዋል።

ፕለጊኖቹ የሚጠሩበት ተራም ገንዘብ ነው። 1000 ብር የሆነ ዕቃ 100 ብር ቅናሽ ይደረግለታል፣ 15 በመቶ ቫትም አለበት። ቅናሹ ከቀደመ ዋጋው 1035 ብር ነው። ቫቱ ከቀደመ 1050። ሁለት ፕለጊኖች በተለያየ ሰው ሲጻፉ ማን ይቅደም የሚለውን ሁኩ መመለስ አለበት። ወርድፕሬስ ለዚህ ቁጥር ይጠቀማል። ቁጥር ያልተነገረለት ፕለጊን ሁሉ 10 ይሰጠዋል፤ ትንሽ ቁጥር ያለው ይቀድማል።

አንዳንድ ሁክ ደግሞ የመከልከል ሥልጣን አለው። ጊት የሚባለው የኮድ መመዝገቢያ ለውጥ ከመመዝገቡ በፊት የሚጠራው ሁክ አለው። ሁኩ ስህተት ካገኘ ምዝገባው ይቀራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ዛሬም በሁክ ነው የሚሠራው። ወርድፕሬስ በ2003 ወጣ፤ ፕለጊን የተፈቀደለት በ2004 በስሪት 1.2 ነው፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር።

የጥበቃ ጉዳይ በቀላሉ መታየት የለበትም። የሐረር በሮች ድሮ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ወርድፕሬስ ውስጥ ግን የገባ ፕለጊን ዋናው ፕሮግራም ያለው ሥልጣን ሁሉ አለው። መረጃው የተቀመጠበትን ዳታቤዝ ማንበብ ይችላል፣ መደምሰስም ይችላል። አንዱ ፕለጊን ሲሰናከል ድረ ገጹ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ቪኤስ ኮድ የተባለው የኮድ ማረሚያ በዚህ ይሻላል፤ ተጨማሪዎቹን ለብቻው በሚሄድ ፕሮግራም (ፕሮሰስ) ውስጥ ስለሚያሠራ የአንዱ መሰናከል ማረሚያውን ይዞት አይወድቅም። ትንሽ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ይህ ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል። ቢያንስ ግን እያንዳንዱን ጥሪ ስህተት በሚይዝ ኮድ ይጠቅልለው። የስልክ መልእክት አልሄደም ተብሎ ሽያጭ መቆም የለበትም።

ጀጎል በኋላ ስድስተኛ በር ተከፍቶለታል፤ መኪና የሚገባበት። በር መጨመር ይቻላል። መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ መንገዱም ሱቁም ወደ በሩ ዞሮ ተሠርቷል። ሁክም እንዲሁ ነው። ስሙን የቀየርክ ቀን የማታውቃቸው ሰዎች ፕለጊን ሥራ ያቆማል፤ ብዙ ጊዜም ምንም የስህተት መልእክት ሳይሰጥ። ስለዚህ አሮጌውን ስም ለተወሰነ ጊዜ ከአዲሱ ጎን ማቆየትና «ይህ ሊቀር ነው» ብሎ ማስጠንቀቅ ተለምዷል።

በዚህ ምክንያት ነው ሁክ በየመስመሩ መበተንን የማልወደው። ለቀፊራው ሱቅ ሦስት ይበቁኛል። አንዱ ሽያጩ ከመመዝገቡ በፊት፣ አንዱ ከተመዘገበ በኋላ፣ አንዱ ደረሰኙ ከመታተሙ በፊት። አራተኛውን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ፣ ምን ሊሠራበት እንደሆነ ጠይቄ እከፍትለታለሁ።