ዳዊት መድገም ምንድን ነው?

ዳዊት መድገም መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ ከፍሎ እንደ ጸሎት ማድረስ ነው። ቃሉ ራሱ «መድገም» ነው፤ 150ውን ዘልቆ መጽሐፉን ማስቀመጥ ሳይሆን፣ በማግስቱ ተመልሶ ከመዝሙር 1 መነሻ፣ «ብፁዕ ብእሲ» ብሎ መጀመር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቆሎ ተማሪው ንባብ የሚያጠናበት፣ አረጋዊው በማኅደር አድርጎ በትከሻው የሚያነግተው ይኸው መጽሐፍ ነው። መዝሙር 1 የእግዚአብሔርን ሕግ ቀንና ሌሊት የሚያስበውን ሰው በውኃ ዳር በተተከለች ዛፍ ይመስለዋል። ሥር የሚሰደደው በአንድ ቀን ጎርፍ አይደለም፤ ዕለት ዕለት በሚደርስ ውኃ ነው።

አሥር መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ ዳዊት በሙሉው 15 ንጉሥ ነው። የሳምንቱ አከፋፈል እንዲህ ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያት (ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ጸሎቶች) እና መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ይደገማል። የዓርቡ 20 ብቻ ነው ብሎ የሚዘናጋ ሰው በግእዙ ቁጥር 118ኛው ላይ ይደነግጣል፤ በአሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የተከፈለ ባለ 22 ክፍል፣ 176 ቁጥር ያለው መዝሙር ነው። ከእሱ ሁለት መዝሙር ቀድሞ የሚገኘው 116ኛው ደግሞ ሁለት ቁጥር ብቻ አለው።

አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው ሰኞ በ30 ጀምሮ ነው። ሐሙስ ላይ ሥራ ይበዛበታል፣ ዓርብ የሐሙሱን ዕዳ ጨምሮ ሊከፍል ይሞክራል፣ ቅዳሜ ይተወዋል። ያለፈውን አታከማቹ፤ የዕለቱን ያዙ። ሥራ ለሚበዛበት ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በቀን አንድ ንጉሥ መያዝ ይሻለዋል፤ ረጋ ተብሎ ሲነበብ ከሩብ ሰዓት እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ዳዊት በወር ልክ ሁለት ጊዜ ይደርሳል። ቀኑ ራሱ ያስታውሳል፦ በ7 እና በ22 ሰባተኛው ንጉሥ፣ ማለትም ከ61 እስከ 70። ሦስት ቀን ያመለጠው ሰው እንኳ የት እንደሚቀጥል አይጠፋውም።

አማትቦ፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ አቡነ ዘበሰማያት አድርሶ ይጀመራል። ድምፅ ቢያንስ ለራስ ጆሮ ይሰማ፤ በዓይን ብቻ ሲሄዱ ሐሳብ ቶሎ ይሰረቃል። ግእዝ የማይሰማ ሰው በአማርኛ ይድገም፤ የሚጸልየውን ማወቅ አለበትና። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን መዝሙር መርጦ በሰው ላይ መድገም ነው። የእርግማን ቃል ያለበትን 108ኛውን ለባላንጣ የሚደግም ሰው ጸሎቱን ድግምት አድርጎታል።

የቁጥር ልዩነትም ያደናግራል። በግእዙ ዳዊት «ተሣሃለኒ» (ማረኝ) የሚለው መዝሙር 50ኛ ነው፤ በብዙ የአማርኛ እትሞች 51ኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በእነዚህ የአማርኛ እትሞች 9 እና 10 ተብለው የተለዩት በግእዙ አንድ መዝሙር ስለሆኑ ቁጥሩ ከዚያ ጀምሮ በአብዛኛው በአንድ ይለያያል፤ የሚገጥመው 148 ላይ ደርሶ ነው። ስለዚህ ከአንድ መጽሐፍ አትውጡ።

በቀን አንድ ንጉሥ ለያዘ ሰው የሚቀሩት የጳጉሜን ቀኖች ናቸው። ጸሎተ ነቢያት 15 ስለሆነ በቀን ሦስት ሦስት ሲደገም በአምስቱ ቀን ያልቃል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት በስድስተኛው ቀን መኃልየ መኃልይ ይደርሳል።